ዝምታም ይነቅዛል

(የመግቢያ ሙዚቃ)

በመቱ፣ በጎሬ፣ በሁሩሙ፣ በያዩ፣ በቡሬ፣ ወጣ ብሎም በበደሌና በጋምቤላ መንገድ ላይ ሆናችሁ ሬዲዮናችሁን የከፈታችሁ ሁሉ፣ አድምጡኝ።

የዛሬው ወጋችን ለአለቆች ነው። አለቃ ስል ትልቅ ጠረጴዛ ያለውን ሰው ብቻ ማለቴ አይደለም። ሁለት አስተናጋጅ ቀጥራ የምታሠራ የምግብ ቤት ባለቤት አለቃ ናት። የሌሊት ፈረቃ የምትመራ ነርስ አለቃ ናት። ርዕሰ መምህሩ፣ የባንክ ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጁ፣ የወረዳ ጽሕፈት ቤት ቡድን መሪው፣ በጉመሮ የሻይ ቅጠል የሚያስለቅመው ተቆጣጣሪ፣ ሁሉም አለቆች ናቸው። አለቃ ያልሆናችሁም ሬዲዮኑን አትዝጉ። አለቃችሁን ለመረዳት ይጠቅማችኋል፤ ነገ ደግሞ ተራው የእናንተ ሊሆን ይችላል።

በአንድ ሌሊት እንጀምር። በሐሳባችን የምንፈጥራት ሌሊት ናት፤ ቡና ላይ የሠራ ሰው ግን ያውቃታል።

ወሩ ኅዳር ነው። ለቀማው ደርቷል። በአንድ የእሸት ቡና ማጠቢያ ጣቢያ ቀኑን ሙሉ ቀይ እሸት በጆንያ ሲገባ ውሏል። እሸት ቡና ቀጠሮ አይሰጥም፤ በተለቀመበት ቀን ካልተፈለፈለ ይበላሻል። እንዲህ ጥድፊያ በሆነበት ቀን ረፋዱ ላይ የመፈልፈያው ማሽን ቀጥ አለ። ኃላፊው እየሮጠ መጣ፤ የማሽኑን ሠራተኛም ሰው ሁሉ እያየ ጮኸበት። «አንተን እዚህ ያስቀመጠ ሰው ነው ጥፋተኛው!» አለው። ሌላም ሌላም አለው። ማሽኑ ተጠገነ፤ ሥራው ቀጠለ። ኃላፊው ነገሩን ረሳው። የረሳው ግን እሱ ብቻ ነበር።

ሌሊት ሰባት ሰዓት ሆነ። የማብላያ ገንዳውን የሚጠብቁት ሽማግሌ ጎንበስ ብለው አሸተቱ። እጃቸውን ሰደው ፍሬውን በጣታቸው መሀል አሹት። የሚያሟልጨው ነገር ለቅቋል፤ ፍሬው ሻክሯል። መታጠብ ያለበት አሁን ነው፤ እስኪነጋ ከቆየ አልፎበት ይሸታል። ሠራተኞቹን ቀስቅሶ ውሃ የሚያስለቅቀው ግን ኃላፊው ብቻ ነው። ሽማግሌው ስልካቸውን አወጡ። የኃላፊውን ስም አዩት። የረፋዱ ጩኸት ጆሯቸው ላይ መጣባቸው። ስልኩን ኪሳቸው መለሱና «ሆድ ይፍጀው» አሉ። ጋቢያቸውን ተከናንበው ተቀመጡ።

ሲነጋ ገንዳው ሸተተ። የስንት ገበሬ ድካም፣ የስንት ለቃሚ ጣት ያለፈበት ቡና ደረጃው ወደቀ። ኃላፊውም እንደገና ጮኸ፦ «ለምን አልነገራችሁኝም?»

አድማጮቼ፣ የዛሬው ትምህርታችን ያለው በዚህች ጥያቄ ውስጥ ነው። ለምን አልነገሩትም? መልሱን እሱ ራሱ ትናንት ረፋድ ላይ፣ በአደባባይ፣ በከፍተኛ ድምፅ ተናግሮታል።

(አጭር ሙዚቃ)

ስለዚህ ጉዳይ የሚያጠኑ ሰዎች ችሎታውን «የስሜት ብልህነት» ይሉታል። አንዳንዱ «ስሜታዊ ብልህነት» ብሎ ይተረጉመዋል፤ እኔ ግን እሸሸዋለሁ። በእኛ አገር «እሱ እኮ ስሜታዊ ነው» ከተባለ ሰውየው ተሰድቧል ማለት ነው፤ ቶሎ ግንፍል የሚል፣ ሳያስብ የሚናገር ነው ማለት ነው። እኛ የምንፈልገው ተቃራኒውን ነው፤ ስሜትን የሚያውቅ፣ የራሱንም የሰውንም ስሜት አንብቦ በዚያ መሠረት የሚሠራ ሰው።

ቃሉን እ.ኤ.አ. በ1990 በጥናት ያቀረቡት ፒተር ሳሎቬይና ጆን ሜየር የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን የሥነ ልቡና ምሁራን ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1995 ደግሞ ዳንኤል ጎልማን የሚባል የሳይንስ ጋዜጠኛ በመጽሐፍ ጽፎ ለዓለም አደረሰው። ጎልማን ከ3 ዓመት በኋላ ስለ መሪዎች ሲጽፍ ነገሩን አምስት ቦታ ከፈለው፦ ራስን ማወቅ፣ ራስን መግዛት፣ ለሥራ የውስጥ ተነሳሽነት መኖር፣ የሌላውን ስሜት መረዳት፣ ከሰው ጋር ተግባብቶ መሥራት።

ስሙ አዲስ ይሁን እንጂ ነገሩ ለእኛ አዲስ አይደለም። አማርኛ ስሜትን የሚያስቀምጠው ሆድ ውስጥ ነው። ብዙ ችሎ የሚያሳልፍ ሰው ሆደ ሰፊ ይባላል። በትንሹ የሚከፋው ሆደ ባሻ ነው። ያዘነ ሰው ሆድ ባሰው እንላለን፤ የተጠራጠረ ሰው ሆዱ ይፈራል፤ የሚራራ ሰው ሆዱ ይባባል። አያቶቻችን ሽማግሌ ሲመርጡ በቅድሚያ የሚያዩት ሆደ ሰፊነቱን ነበር። ዛሬ ኃላፊ ስንሾም የትምህርት ማስረጃ እናያለን፤ የሥራ ልምድ እንቆጥራለን። የሆዱን ስፋት ግን ማን ይጠይቃል?

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ስለ አለቃ ቁጣ ስንነጋገር ብዙ ጊዜ የምናነሳው የሠራተኛውን ክብር ነው። ተገቢ ነው። እኔ ዛሬ የማነሳው ግን የአለቃውን ኪሳራ ነው። የአለቃ ቁጣ መጀመሪያ የሚያስቀርበት ነገር ወሬ ነው፤ መጥፎው ወሬ፣ በጊዜ ቢደርስ የሚያድነው ወሬ። የተቆጣ አለቃ ዘንድ መልካም ዜና እየሮጠ ይገባል፤ መጥፎ ዜና ግን በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ጠብቆ ጠብቆ፣ የሚገባው ገንዳው ከሸተተ በኋላ ነው።

ይህን የሚያሳይ ከሆስፒታል የመጣ ማስረጃ ልንገራችሁ። ኤሚ ኤድመንድሰን የምትባል አሜሪካዊት ተመራማሪ በ1990ዎቹ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፣ ሆስፒታል ውስጥ የሚሠሩ የነርሶች ቡድኖችን አጠናች። ጥሩ መሪ ያለው፣ እርስ በርሱ የሚግባባ ቡድን በመድኃኒት አሰጣጥ ላይ ስህተቱ ያንሳል ብላ ጠብቃ ነበር። ውጤቱ ሲመጣ ግን ተገለበጠባት። ጥሩ የተባሉት ቡድኖች ብዙ ስህተት ተመዝግቦባቸው አገኘች። ግራ ገባት። ቀረብ ብላ ስታየው ነገሩ ሌላ ሆነ። ጥሩዎቹ ቡድኖች ስህተታቸውን ይናገሩ ነበር። የሌሎቹ ደግሞ ተደብቆ ነበር። መዝገቡ ላይ የታየው የስህተቱ ብዛት ሳይሆን የመናገሩ ድፍረት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጣችው ጥናት፣ ሰው ያለ ፍርሃት «ተሳስቻለሁ»፣ «አልገባኝም»፣ «ይህ ነገር አላማረኝም» የሚልበትን የሥራ ቦታ የሥነ ልቡና ደኅንነት ያለበት ቡድን አለችው።

እንግዲህ አስቡት። በፈረቃ የምትሠራ ወጣት ነርስ የመድኃኒቱ መጠን አጠራጥሯት፣ ሐኪሙን ለመጠየቅ ብትፈራ ምን ይከተላል? በባንክ ያለ ገንዘብ ከፋይ ሒሳቡ አልገጥም ብሎት እስከ ማታ ዝም ቢልስ? ሾፌሩ ፍሬኑ እንደላላ እያወቀ ከመቱ ወደ ጎሬ ዳገቱን ቢወጣስ?

(አጭር ሙዚቃ)

ችግራችንን የሚያከብዱ ሁለት ተረቶች አሉን። አንደኛው «ዝም አይነቅዝም» ይላል። እህል ይነቅዛል፤ ዝም ያለ ነገር ግን ነቀዝ አይበላውም ማለት ነው። ለጎረቤት ሐሜት ይህ ምክር ወርቅ ነው። ለሥራ ቦታ ግን አይሠራም። በሥራ ቦታ ዝምታ ይነቅዛል፤ ውስጥ ውስጡን ይቦረቦራል፤ ከላይ ሲያዩት ሙሉ የሚመስለው ጎተራ ሲከፈት ዱቄት ይሆናል።

ሁለተኛው «እሺ ይበልጣል ከሺ» የሚለው ነው። አለቃ ከሚወዳቸው ቃላት ሁሉ የመጀመሪያው እሺ ነው። ግን እስኪ ጆሯችሁን ስጡኝ። «እሺ!» ይህ ገብቶኛል፣ አሁኑኑ እሠራዋለሁ ማለት ነው። «እሺ፣ እሺ።» ይህ ቶሎ ጨርስልኝና ልሂድ ማለት ነው። «እሺ እንግዲህ።» ይህ አላመንኩበትም፣ ግን አለቃዬ ነህ ማለት ነው። በረጅም ትንፋሽ የምትወጣ ደግሞ አለች፦ «እሺ።» ይህች ከፍቶኛል ማለት ናት። በአፋን ኦሮሞ «ቶሌ» የምትለዋም ቃል እንዲሁ ናት፤ እንደ ድምፁ ትርጉሟ ይለያያል። ቃሉን ብቻ የሚሰማ አለቃ ሁሉንም እሺ አንድ አድርጎ ይመዘግባል። ድምፁን የሚሰማ አለቃ ግን ሦስተኛዋን እሺ ሲሰማ ቆም ይላል፤ «ምነው፣ የማይሆን ነገር አየህበት እንዴ?» ብሎ ይጠይቃል። የሌላውን ስሜት መረዳት የሚባለው ነገር ከዚህ አይርቅም።

በዚህ ጉዳይ እኔም ንጹሕ አይደለሁም። አንድ ጊዜ፣ ስሙን በማልጠራው መሥሪያ ቤት፣ ቡድን መሪ ነበርኩ። ወቅቱ ክረምት ነው፤ የእኛን አገር ዝናብ ታውቁታላችሁ፤ ቆርቆሮውን ሲመታ የራስን ድምፅ እንኳ አያሰማም። እየጮህኩ አዲሱን የሥራ ክፍፍል አስረዳሁ። «ጥያቄ አለ?» አልኩ። የለም። «የተስማማን ይመስለኛል» ብዬ ዘጋሁ። ዝናቡ ሲያባራ ከቢሮ ወጣሁ፤ ጥግ ላይ ካለችው ጀበና ቡና ቤት በር ላይ ስደርስ የቡድኔ አባላት በሙሉ ተቀምጠዋል። ሞቅ ያለ ክርክር ይዘዋል። እኔን ሲያዩ ወሬው ቆመ። ያን ጊዜ ገባኝ። እውነተኛው ስብሰባ የተካሄደው እዚያ ነው፤ እኔ የመራሁት ሥነ ሥርዓቱን ነበር።

ከዚያ በኋላ አንድ ነገር ተማርኩ። «ጥያቄ አለ?» የሚለው ጥያቄ ራሱ በር ይዘጋል። መልሱ «የለም» እንዲሆን ተደርጎ የተሠራ ነው። «ይህ ዕቅድ የሚበላሽ ቢሆን፣ መጀመሪያ የሚበላሸው የትኛው ጋ ነው?» ብሎ መጠየቅ ግን ሰውን ከተቃዋሚነት ያወጣዋል። ጥፋት እየፈለገብህ ሳይሆን እያገዘህ እንደሆነ ይሰማዋል።

ግምገማችንም በዚህ መንገድ ቢታይ ጥሩ ነው። በመንግሥት መሥሪያ ቤት ያደገ ሰው ግምገማ ምን እንደሆነ ያውቃል። ሰው ፊት ቆሞ ራስን መተቸት፣ ከዚያ ሌላውን መተቸት። ዓላማው ግልጽነት ነው። ነገር ግን ሰው በአደባባይ የሚያፍርበት መድረክ ላይ ማንም የሆዱን አያወጣም፤ አስቀድሞ ያዘጋጀውን፣ ጉዳት የማያመጣበትን ጥፋት መርጦ ያቀርባል። «ሰዓት አላከብርም» ይላል። ዋናው ጉዳይ ተከድኖ ይቀራል። የቆየው የሽማግሌ ሥርዓት ይሻላል፤ ሲያመሰግኑ በሰው ፊት፣ ሲገሥጹ ለብቻ።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ፤ ምክንያቱም የስሜት ብልህነት የሚጀምረው ሌላውን ከማንበብ አይደለም፣ ራስን ከማንበብ ነው። ቁጣ ሲመጣ ሰውነት ቀድሞ ያውቃል። ልብ ይመታል፤ ትንፋሽ ያጥራል፤ ጆሮ ይግላል፤ ጥርስ ይነከሳል። አፋችን የሚከፈተው ከዚያ በኋላ ነው። በመሀል ጥቂት ሰከንዶች አሉ። መላው ጥበብ ያለው በእነዚያ ሰከንዶች ውስጥ ነው።

ተመራማሪው ማቲው ሊበርማንና የሥራ ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተሙት ጥናት፣ ሰዎች የተቆጣ ወይም የፈራ ፊት ሥዕል እያዩ የስሜቱን ስም እንዲመርጡ አደረጉ። ስሙን ሲሰይሙት አሚግዳላ የሚባለው፣ ለአደጋ ቶሎ የሚነሳው የአንጎል ክፍል ሥራው ቀዝቀዝ ሲል በምርመራ መሣሪያ ታየ። ለእኛ ትርጉሙ ቀላል ነው፤ ስሙን የጠራችሁት ስሜት ጉልበቱ ይቀንሳል። በውስጣችሁ «አሁን ተናድጃለሁ» በሉ። ቀጥላችሁም «ለምን?» በሉ። ብዙ ጊዜ ከቁጣው ሥር ሌላ ነገር ይገኛል። የማጠቢያ ጣቢያው ኃላፊ ማሽኑ ሲቆም የተናደደ መሰለው እንጂ የፈራ ነበር፤ እሸቱ ይበላሻል፣ እጠየቃለሁ ብሎ ነው የፈራው። «ፈርቻለሁ፣ ቶሎ እናስተካክለው» ቢል ኖሮ ሠራተኞቹ አብረውት ይሮጡ ነበር።

ይህ ማለት አለቃ አይቆጣ ማለት አይደለም። መቱ ከተማ ውስጥ ስሙ በሆስፒታል ላይ የተጻፈ ሰው አለ፤ ካርልሃይንስ ቦም። በፊልም የኦስትሪያን ንጉሠ ነገሥት ሆኖ በመሥራት የታወቀ ተዋናይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1981 በአንድ የቴሌቪዥን ፕሮግራም ላይ ተመልካቹን ለአፍሪካ ድሆች ገንዘብ እንዲሰጥ በውርርድ ጠየቀ፤ በዚያው ዓመት ወደ ኢትዮጵያ መጣና «ሰዎች ለሰዎች» የተባለውን ድርጅት መሠረተ። ሥራው ከሐረርጌ ኤረር ጀምሮ በኋላ ኢሉባቦር ደረሰ። እ.ኤ.አ. በ2014 ያረፈው ቦም ስለ ሥራው መነሻ ሲጠየቅ ቁጣን ያነሳ ነበር፤ በሀብታምና በድሃ መካከል ስላለው ገደል የተሰማውን ቁጣ። ያ ቁጣ አድራሻ ነበረው። ሰው ላይ አልፈነዳም፤ ትምህርት ቤት፣ ጉድጓድ፣ ሕክምና ሆነ። ልዩነቱ እዚህ ጋ ነው። ቁጣችሁን ጠይቁት፦ በማን ላይ ነህ? በችግሩ ላይ ነህ ወይስ ቅርብ በተገኘው ሰው ላይ?

ቅርብ በተገኘው ሰው ላይ ከሆነ ሶር ፏፏቴን አስታውሱ። ከመቱ ወጣ ብሎ ያለውን ያያችሁት ታውቁታላችሁ፤ ውሃው ከላይ የመጣበትን ኃይል ሁሉ ይዞ ታች ያለው ድንጋይ ላይ ይወርዳል። በመሥሪያ ቤትም ቁጣ ወደ ታች ነው የሚፈሰው። ከክልል ለዞን ይደወላል፤ ዞን ወረዳ ላይ ይቆጣል፤ የወረዳው ኃላፊ ቡድን መሪው ላይ፣ ቡድን መሪው ጽዳት ሠራተኛዋ ላይ፤ እሷም ቤቷ ስትገባ ልጇ ላይ። ልጁ ምን አጠፋ? የጥሩ አለቃ ሥራ በመሀል ሰፊ ኩሬ መሆን ነው፤ ከላይ የመጣውን ተቀብሎ፣ አረጋግቶ፣ ለታች የሚያስፈልገውን ያህል ብቻ መልቀቅ።

ታዲያ በዚያች ሰከንድ እንዴት እንያዘው? የሚገርመው፣ ጥሩ መልስ ከራሳችን ታሪክ ይገኛል። ከመቱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቀው ጎሬ በ1928 ዓ.ም.፣ በጣሊያን ወረራ ጊዜ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከአገር ሲወጡ የጊዜያዊው መንግሥት መቀመጫ ሆነች፤ ራስ እምሩም በእንደራሴነት እዚያ ነበሩ። በዚያው ዓመት ነቀምት ላይ ወጣት መኮንኖችና የተማሩ ሰዎች የጥቁር አንበሳ ማኅበርን አቋቋሙ፤ ሊቀ መንበራቸው የእንስሳት ሐኪሙ ዶክተር ዓለመወርቅ በየነ ነበሩ። በኋላም ራስ እምሩ እንዲመሯቸው ጠየቁ። እነዚህ ሰዎች አሥር አንቀጽ ያለው ደንብ ነበራቸው። ከአንቀጾቹ መካከል ገበሬውን አትበድሉ፣ የተማረከውን ጠላት አታንገላቱ የሚል ይገኝበታል። አስቡት፤ አገራቸው ተወርሯል፤ ወገኖቻቸው በመርዝ ጋዝ አልቀዋል። ለቁጣ ከዚህ የበለጠ ምክንያት ከየት ይመጣል? ቢሆንም ንዴታቸው በማን ላይ ማረፍ እንደሌለበት አስቀድመው ጻፉት። የማኅበሩ ጦር በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. ተከቦ እጅ ቢሰጥም፣ ያ ደንብ የሚነግረን ነገር አለ። የቁጣ ሕግ የሚጻፈው ከቁጣ በፊት ነው። በቁጣ መሀል ሕግ የሚያወጣ ሰው የለም።

እናንተም ዛሬ፣ ልባችሁ በረጋበት ሰዓት፣ ሦስት መስመር ጻፉ። «ሰው ፊት አልገሥጽም። በተናደድኩበት ሰዓት ደብዳቤ አልፈርምም። ስለ ሥራው እናገራለሁ እንጂ ስለ ሰውየው ማንነት አልናገርም።» ወረቀቷን መሳቢያችሁ ውስጥ አስቀምጧት።

(አጭር ሙዚቃ)

በእኛ አካባቢ ለየት ያለ አንድ ነገር ደግሞ አለ። ኢሉባቦር የብዙ ሰው አገር ነው። ኦሮሞው ባለአገር ነው፤ ከድሮ ጀምሮ ለንግድና ለመንግሥት ሥራ የመጣ አለ፤ በ1977ቱ ድርቅ ጊዜ ከወሎና ከሌላው ሰሜን በሠፈራ የመጣ አለ፤ መቱ ዩኒቨርሲቲ ከተከፈተ ወዲህ ደግሞ ከመላ አገሪቱ መምህርም ተማሪም መጥቷል። ስለዚህ በአንድ ቢሮ ውስጥ ክብር በብዙ መንገድ ይገለጻል። አንዱ አንገቱን ሲደፋ አክብሮት ነው፤ ሌላው ያንኑ አይቶ ጥፋተኛ ነው ይላል። የ28 ዓመት ኃላፊ የ60 ዓመቱን ዘበኛ «አንተ» ሲለው ሥልጣን የሚያሳይ ይመስለዋል። በአፋን ኦሮሞ አክብሮ «ኦቦ» ቢላቸው፣ ሴቷን «አዴ» ቢላት ምን ይጎድልበታል? ምንም። የሚያተርፈው ግን ብዙ ነው፤ ዘበኛ ማለት ሌሊት የሚያይ ዓይን ነው። ሰው ደግሞ ደስታውን በተማረው ቋንቋ ሊነግርህ ይችላል፤ ሲከፋው ግን የሚመጣለት የእናቱ ቋንቋ ነው። በእሱ ቋንቋ ሁለት ቃል የምታውቅ ከሆነ፣ በዚያን ቀን ተጠቀምባቸው።

ኩርፊያስ? ሁለት የሥራ ሂደት አስተባባሪዎች ተኳርፈው፣ በአንድ ኮሪደር እየኖሩ በደብዳቤ የሚነጋገሩበት መሥሪያ ቤት አታውቁም? አለቃው «ልጆች አይደላችሁም፣ ታረቁ!» ብሎ ያልፋል። የማይሆን ነው። ጃርሱማ፣ ማለትም ለዕርቅ፣ የተቀመጡ ሽማግሌዎችን አይታችሁ ከሆነ፣ አይቸኩሉም። እያንዳንዱን ያዳምጣሉ። ማን አጠፋ ከማለታቸው በፊት ምን ጎዳህ ይላሉ። የሰሙትን መልሰው ይነግሩታል፤ «እንዲህ ስለተባልክ ከፋህ፤ ልክ ነው?» ሰውየው «አዎ፣ እሱ ነው!» ሲል ግማሹ ዕርቅ አልቋል። ሥራ አስኪያጅም ይህን ማድረግ ይችላል። ለየብቻ አዳምጥ፤ የሰማኸውን መልስለት፤ «እሱ ነው» እስኪል ፍርድ አትስጥ።

የቡና ሰዓትንም አትናቋት። ረፋድ 4 ሰዓት ላይ ጀበና ሲመጣ፣ ብቻውን ቢሮው አስመጥቶ የሚጠጣ አለቃ ከሁሉ የሚበልጠው የመረጃ ምንጩ አመለጠው። አልፎ አልፎ አብራችሁ ተቀመጡ። ነገር ግን አቦሉን ሪፖርት መጠየቂያ አታድርጉት፤ ማስታወሻ ደብተራችሁንም አታውጡ። ስለ ልጆች፣ ስለ ለቀማው፣ ስለ መንገዱ ይወራ። በረካው ላይ ስትደርሱ፣ ሳትጠይቁ የሚነገራችሁ ነገር ይኖራል። የቡና ወሬ ይዛችሁ ሰው የቀጣችሁ ቀን ግን ያች ሲኒ ለዘላለም ተደፋች።

ሦስት ማሳሰቢያ ልጨምር። የመጀመሪያው፣ የስሜት ብልህነት የሙያ ብቃትን አይተካም። ፈገግታው የሚያምር፣ ሥራው ግን የማይገባው አለቃ ሰውን ከመጉዳት አይድንም። ሁለተኛው፣ ፍትሕንም አይተካም። የዘገየን ደመወዝ በጥሩ ቃል ማከም አይቻልም፤ የሰውን ስሜት እያነበቡ ሰውን ለመጠምዘዝ የሚጠቀሙም አሉ፤ እሱ ብልጠት እንጂ ብልህነት አይደለም። ሦስተኛው፣ ሚዛናችን ለሴትና ለወንድ አንድ ይሁን። ወንዱ ሲቆጣ «ቆራጥ ነው»፣ ሴቷ በዚያው ድምፅ ስትናገር «ነገረኛ ናት» እየተባለ የስሜት ብልህነት አይለካም።

የሳምንቱን ልምምድ ልስጣችሁና ላብቃ። ከነገ ጀምሮ በየማታው ለራሳችሁ አንዲት ጥያቄ ብቻ ጠይቁ፦ ዛሬ መጥፎ ዜና የነገረኝ ሰው አለ ወይ? ካለ፣ ፊቴ ምን መሰለ? ሳምንቱን ሙሉ ማንም መጥፎ ዜና ካልነገራችሁ ግን ሁሉ ሰላም ነው ብላችሁ አትደሰቱ። በሥራ ላይ ያለ ሰው ሳምንት ሙሉ ሁሉም ነገር አይሳካለትም። ጎተራውን ክፈቱት፤ የሆነ ቦታ ዝምታ እየነቀዘ ነው።

በመጨረሻም ወደ ሽማግሌው ልመልሳችሁ። ሌሊት ሰባት ሰዓት ነው። ገንዳው ዳር ቆመዋል፤ ስልኩ እጃቸው ላይ ነው፤ ስማችሁን እያዩ ነው። በዚያች ደቂቃ እዚያ አትገኙም፤ ምንም ልትሏቸው አትችሉም። የሚወስኑት ካለፈው ጊዜ በመነሳት ነው፤ ባለፈው መጥፎ ዜና ይዘው ሲመጡ መጀመሪያ ከአፋችሁ የወጣውን ቃል አስታውሰው። «ማን ነው ያበላሸው?» ነበር? ወይስ «እንኳን ነገሩኝ፤ እየመጣሁ ነው»?

ሳምንት እስክንገናኝ ሰላም ሁኑ። ነገያ።

(የመዝጊያ ሙዚቃ)